እስራኤል የቻለችውን አሜሪካ ለምን አቃታት?

(ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለማኅበረሰባችን ሰዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው እዚህም እዚያም ቆረጥ ቀጠል አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ብንጀምር ይሻላል።

የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ዜና ሲሰማ ይውልና ማታ ስንገናኝ የሰማውን ሁሉ እኔ ላይ ያራግፋል። በቀደም ምን አለኝ መሰላችሁ? "እስራኤል የምታህል አንድ ፍሬ አገር የኢራንን ሚሳኤል ሰማይ ላይ እየለቀመች ትጥላለች። ይቺ አሜሪካ የምትባል ጉድ ግን አሁን ገና በ175 ቢሊዮን ዶላር ጎልደን ዶም የሚባል የሚሳኤል ጋሻ ልሠራ ነው ትላለች። እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልስ ልሰጠው ጀመርኩና አንድ ሰዓት ፈጀሁ። እሱ መሀል ላይ ደንበኛ ጠራውና ሄደ። እንግዲህ ያልሰማውን ግማሽ ለእናንተ ነው ይዤ የመጣሁት።

አጭሩ መልስ፣ አሜሪካ አልተኛችም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስትለፋ ኖራለች። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2022 ባወጣው ጥናት ከ1957 ወዲህ የሚመጣን ሚሳኤል ለማክሸፍ የወጣው ገንዘብ ከ350 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ምልክቱ እዚሁ ሰፈራችን አለ። ጌተርስበርግ የምትኖሩ "ናይክ ሚሳኤል" የሚባለውን መናፈሻ ታውቁት ይሆናል፤ ከጫማው ጋር አይገናኝም። በ1950ዎቹ የሶቪየት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዋሽንግተን ላይ ቢመጡ እንዲመታቸው የተጠመደው ሚሳኤል ስሙ ናይክ ነበር። አውሮፕላኖቹ አልመጡም። በምትካቸው አውሮፕላን የማይፈልግ መሣሪያ መጣ።

ባሊስቲክ ሚሳኤል፣ ነገሩን ሳናካብድ፣ የወንጭፍ ድንጋይ ነው። ገጠር ያደጋችሁ ማሽላ ስትጠብቁ ወንጭፍ ወርውራችኋል። ጉልበቱ ያለው ውርወራው ላይ ነው፤ ድንጋዩ አንዴ ከወጣ በራሱ ይሄዳል። ሚሳኤሉም እንደዚያው ነው። አህጉር አቋራጭ ከሆነ ሞተሩ የሚነደው መጀመሪያ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ሞተሩ ይጣልና አረሩ፣ ማለትም ፈንጂውን የያዘው ጫፍ፣ ብቻውን፣ አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይከንፋል። መጨረሻ ላይ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲገባ መሬት ለመድረስ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቀረውም። ከሩሲያ እስከ እዚህ ሁሉም ነገር በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ። እሱ እስራኤል ሲል በሐሳቡ ያለው አይረን ዶም ነው። አይረን ዶም በ2011 ሥራ የጀመረው ከ4 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ለሚተኮሱ አጫጭር ሮኬቶች ነው፤ አብዛኞቹም ከብረት ቱቦ ተበይደው የተሠሩ ናቸው። ሮኬቱ ባዶ ሜዳ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ራዳሩ አስልቶ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የኢራንን ባሊስቲክ ሚሳኤል የሚመታው ሌላ ነው። አሮው ይባላል፤ እስራኤልና አሜሪካ ከ1988 ጀምሮ አብረው የሠሩት ነው። እሱም ቢሆን የሚጠብቀው 22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አገር ነው። የአሜሪካ ስፋት ከ9 ሚሊዮን በላይ ነው። ወደ አሜሪካ የሚመጣው አረር ደግሞ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከዚህ አዳራሽ ባልቲሞር ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ይበቃዋል። እኛ በአርብ ማታ ትራፊክ ስንት እንደሚፈጅብን ታውቃላችሁ።

ይሄም ሁሉ ግን ዋናው ልዩነት አይደለም። ዋናው አረሩ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በጥቅምት 2024 ኢራን ወደ 200 የሚጠጉ ባሊስቲክ ሚሳኤሎች ስትተኩስ ብዙዎቹ ተመትተዋል፤ ያመለጡት ግን ኔቫቲም በሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ አርፈዋል። በሰኔ 2025 በአሥራ ሁለቱ ቀን ጦርነት ከ500 በላይ ተተኩሶ ከመሀሉ ያመለጠ አንዱ ቤርሼባ ያለውን ሶሮካ ሆስፒታል መታ። ቤርሼባ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ዘመድ ያላችሁ ያን ቀን ስልክ ስትሞክሩ እንደዋላችሁ አውቃለሁ። ያሳዝናል፣ ግን ከተማዋ አለች። በተራ ፈንጂ ጊዜ ከመቶው ዘጠናውን አከሸፍኩ ማለት ድል ነው። አረሩ ኒውክሌር ሲሆን ከመቶው ዘጠናውን አከሸፍኩ ማለት አሥር ከተማ ጠፋ ማለት ነው። ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይሄው ነበር። ታሪኩ ደግሞ ይሄን ሒሳብ ለማምለጥ የተደረገ የሰባ ዓመት ሙከራ ነው።

ከመነሻው ብንጀምር፣ መስከረም 8 ቀን 1944 የጀርመኑ ቪ-2 ለንደን ላይ ሲወድቅ ሰዉ መጀመሪያ የሰማው ፍንዳታውን ነው። የመምጣቱ ድምፅ ከፍንዳታው በኋላ ደረሰ፣ ከድምፅ ይፈጥናላ! ያኔ እንግሊዞች የነበራቸው መከላከያ ተኳሹን አገር ቶሎ መያዝ ብቻ ነበር።

ሩቅ የሚሄድ ባሊስቲክ ሚሳኤል አረርን አየር ላይ በሌላ ሚሳኤል ቀድመው የመቱት ሶቪየቶች ናቸው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይገረማል። መጋቢት 4 ቀን 1961 ካዛክስታን፣ ሳሪ ሻጋን በሚባል በረሃ፣ ግሪጎሪ ኪሱንኮ የተባለ መሐንዲስ ቡድን የ አር-12 ሚሳኤል አረር በተራ ፈንጂ ሰማይ ላይ በታተነው። አሜሪካኖቹ ያለ ኒውክሌር ፈንጂ እንዲህ ማድረግ የቻሉት በ1984 ነው። በ1962 የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ "ሕዋ ላይ ያለች ዝንብ እንመታለን" ብሎ ጉራውን ነዛ።

የዘመኑ የተለመደ መንገድ ግን ኒውክሌርን በኒውክሌር መምታት ነበር። ሐሳቡ አሁን ስታዩት ያስቃል፣ ያኔ ግን የምር ነበር፦ በትክክል መምታት ካልቻልክ አጠገቡ ትልቅ ነገር አፈንዳ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሐምሌ 9 ቀን 1962 አሜሪካ ፓስፊክ ላይ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ 1.4 ሜጋቶን ቦምብ ለሙከራ አፈነዳች። ከዚያ 1,400 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሃዋይ የመንገድ መብራት ጠፋ። የራስህን ሰማይ በራስህ ቦምብ ስታበራ ራዳርህም አብሮ ይታወራል፤ ሁለተኛው አረር ሲመጣ በጭፍን ነው የምትጠብቀው።

ሌላው ችግር ፊኛ ነው። አዎ፣ የልደት ፊኛ ዓይነት። ሕዋ ላይ አየር ስለሌለ ላባና ድንጋይ እኩል ይሄዳሉ። ጠላት ከአንድ አረር ጋር ሃያ የተነፋ ፊኛ ቢለቅ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ይመጣሉ፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ከሩቅ መለየት ጭንቅ ነው። ሁለት ታላላቅ የፊዚክስ ሰዎች፣ ሃንስ ቤቴና ሪቻርድ ጋርዊን፣ በ1968 ይህን ለሕዝብ በግልጽ ጻፉት። አክሻፊው፣ ማለትም የሚመጣውን የሚመታው ሚሳኤል፣ ውድ ነው፤ ማታለያው ርካሽ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ያሸነፈ መልስ አላየሁም፤ የተሻሉ ካሜራዎች መጥተዋል፣ የተሻሉ ፊኛዎችም መጥተዋል።

አሁን ፖለቲካው ይመጣል፣ እኔን ደግሞ የሚጥመኝ ይሄ ክፍል ነው። ሶቪየቶች በሞስኮ ዙሪያ አክሻፊ ሚሳኤል መትከል ጀመሩ። መጨረሻ ላይ የቆሙት 64 ብቻ ናቸው። በሰኔ 1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰንና የሶቪየቱ ኮሲጊን ኒው ጀርሲ ውስጥ ግላስቦሮ በምትባል ከተማ ተገናኙ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ ለእንግዳው ሊያስረዳው ሞከረ፦ እናንተ ጋሻ ስትሠሩ እኛ ጋሻውን የሚያልፍ ብዙ ጦር እንሠራለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ባሰብን፣ ስለዚህ ጋሻውን ተዉት። ኮሲጊን ተናደደ። ጋሻ መያዝ ምን ነውር አለው፣ ነውሩ ጦሩ ላይ ነው እንጂ፣ ዓይነት መልስ ሰጠው።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ማነው ልክ? በእኛ ባህል ጋሻ ክብር ነው። ጋሻ መከታ ነው፣ ሰውን እንኳ "ጋሻዬ" እንላለን። የኮሲጊን አነጋገር ልብ ውስጥ ይገባል። የሆነው ግን ማክናማራ እንዳለው ነው። አሜሪካ አንዱ ሚሳኤል ሦስት አረር እንዲሸከም አደረገች፤ ሚኒትማን 3 በ1970 ተተከለ፣ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ ያሉት ደግሞ አሥር ገደማ ተሸከሙ። ከዚያ ሶቪየቶችም ያንኑ አደረጉ። ለ64 አክሻፊ በሺዎች የሚቆጠር አረር መልስ ተሰጠ። እንግሊዞች እንኳ ከነዚያው 64 ለማምለጥ ሲሉ ሼቨሊን በሚባል ምስጢራዊ ሥራ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ አፍስሰው ሚሳኤላቸውን ማታለያ አስታጠቁ። ፓርላማቸው የሰማው በ1980 ነው።

ማክናማራ ራሱ ግን አልጸናም። መስከረም 18 ቀን 1967 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገው ንግግር የአብዛኛውን ሰዓት ጋሻ ለምን እንደማይጠቅም ሲያስረዳ ቆየና መጨረሻው ላይ ጋሻ እንሠራለን አለ። ለሩሲያ አይደለም፣ ለቻይና ነው፣ ስስ ነው፣ አለ። ምርጫ ቀርቦ ነበር፣ ሪፐብሊካኖቹ "አገሩን ራቁቱን ተዋችሁት" እያሉ ነበር። ሳስበው ይህ ንግግር ከዚያ ወዲህ ያለውን ፖሊሲ በሙሉ ይወክላል። ሙያተኛው አይሆንም ይላል፣ ፖለቲከኛው አይሆንም ማለት አይችልም። ማነው ሕዝቡ ፊት ቆሞ "እናንተን የምከላከልበት የለኝም" የሚለው?

ጋሻው ሴንቲኔል ተባለና ቦታ ሊመረጥ ተጀመረ። ከቦስተን፣ ከቺካጎ፣ ከሲያትል ዳር ዳር። እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የሰፈሩ ሰው ተነሣ፦ "ጓሮዬ ውስጥ የኒውክሌር ሚሳኤል አትተክሉም!" ሊድን የነበረው ሰው ራሱ መዳን አልፈልግም አለ። ኒክሰን ሲመጣ በመጋቢት 1969 ስሙን ሴፍጋርድ ብሎ ለወጠውና ከተማውን ትቶ የራሱን የሚሳኤል ጉድጓዶች እንዲጠብቅ አደረገው። ሴኔት ውስጥ ድምፁ 50 ለ50 ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንቱ አግኒው ናቸው ያዳኑት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1972፣ ኒክሰንና ብሬዥኔቭ ሞስኮ ላይ ጋሻን የሚገድብ ውል ፈረሙ። በየአገሩ ሁለት ቦታ፣ በየቦታው ከ100 የማይበልጥ አክሻፊ፤ በ1974 ደግሞ ሁለቱን ወደ አንድ ዝቅ አደረጉት። ነገሩ ለጆሮ ይከብዳል። ሁለት ጠላቶች "አንዳችን በሌላችን ፊት ደረታችንን ገልጠን እንኑር" ብለው ፈረሙ። ግን ደረትህ ከተገለጠ አትተኩስም፤ እሱም አይተኩስም። ሠላሳ ዓመት ሠራ።

ሶቪየቶች ሞስኮን መረጡ። አሜሪካኖች የመረጡት ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ኔኮማ የምትባል መንደር አጠገብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የምወደው ታሪክ ይሄ ነው።

የስንዴ ማሳ መሀል፣ ሜዳው ለጥ ባለበት፣ ጫፉ የተቆረጠ የኮንክሪት ፒራሚድ አቆሙ። በአራቱም ጎኑ እንደ ዓይን ያለ ትልቅ ክብ ራዳር አለው፤ ፎቶውን ስታዩ ፈርዖን መንገድ ስቶ የመጣ ነው የሚመስላችሁ። ሁለት ዓይነት አክሻፊ ነበረው። ስፓርታን ሕዋ ላይ ወጥቶ 5 ሜጋቶን ያፈነዳል፤ ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው 300 ጊዜ ይበልጣል። ያመለጠውን ደግሞ ስፕሪንት የሚሉት ሹል ሚሳኤል ከባቢ አየር ውስጥ ይቀበለዋል። ስፕሪንት ከተተኮሰ በአምስት ሰከንድ ከድምፅ አሥር እጥፍ ይፈጥናል፣ ከአየሩ ጋር ሲፋተግ ገላው ፍም ይሆናል። እንደ ምሕንድስና ብትጠይቁኝ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ። ጠቅላላው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ።

ጥቅምት 1 ቀን 1975 ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ ተባለ። በማግስቱ፣ ጥቅምት 2፣ የተወካዮች ምክር ቤት ይዘጋ ብሎ ድምፅ ሰጠ። በማግስቱ ነው የምላችሁ! ምክንያቱን አሁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መቶ አክሻፊ አለህ፣ ሶቪየት ደግሞ አንዱን ሚሳኤል ባለ ብዙ አረር አድርጎታል። መቶ አንደኛውን በምን ትመልሰዋለህ? ራዳሩም ቢሆን የራሱ ስፓርታን ሲፈነዳ ይታወራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በ1976 ተዘጋ፤ እዚያው ሰሜን ዳኮታ ካቫሊየር ላይ ያለው የሩቅ ራዳር ብቻ ተረፈ፣ እሱ እስከ ዛሬ ሰማዩን ይጠብቃል። ፒራሚዱ በ2012 በጨረታ ወጣ፤ የገዙት በጋራ እያረሱ የሚኖሩ፣ በሃይማኖታቸው ጦርነት የማይወዱ ገበሬዎች ናቸው።

ሬገንን በአጭሩ ልለፈው፣ ሌሎች ብዙ ስለተናገሩበት። መጋቢት 23 ቀን 1983 በቴሌቪዥን ወጥቶ የኒውክሌር ሚሳኤልን ከንቱ እናድርገው አለ። ሌዘር ከሕዋ፣ ምን ያልታሰበ አለ። ጋዜጦች "የከዋክብት ጦርነት" ብለው ቀለዱበት። ሬገን ግን ከልቡ ነበር፤ በ1986 ሬይክያቪክ ላይ ከጎርባቾቭ ጋር የኒውክሌር መሣሪያን በሙሉ ለማጥፋት ጫፍ ደርሰው ነበር። ጎርባቾቭ ምርምሩ ለአሥር ዓመት ከቤተ ሙከራ አይውጣ አለ፣ ሬገን እምቢ አለ፣ ተለያዩ። ያልተሠራ ጋሻ ነው ያጣላቸው። በ1993 ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ አንድም ሳይተከል ተዘጋ።

ነገሩን ከሙት ያስነሣው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። ጥር 1991 ሳዳም ወደ እስራኤልና ወደ ሳዑዲ ስከድ የሚባል ሚሳኤል ሲተኩስ ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ አክሻፊ ሲመታው በቀጥታ በቴሌቪዥን ታየ። በ1984 በሱዳን በኩል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ያኔ በታሸገ ክፍል ውስጥ የጋዝ ጭንብል አድርገው ያደሩ ናቸው። ስከዱ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ገባ። ትልቁ ቡሽ ፓትሪዮት የሚሠሩበት ፋብሪካ ሄዶ "ከ42 41 መታን" አለ። በኋላ ፊልሙን እየመለሱ ያዩ ሰዎች፣ በተለይ ቴድ ፖስቶል የተባለው የኤምአይቲ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው አሉ፤ በ1992 የኮንግረስ ኮሚቴም መረጃው የተባለውን አይደግፍም ብሎ ጻፈ። ሰማይ ላይ ፍንዳታ ማየትና አረር መምታት አንድ አይደሉም፤ ስከዱ ራሱ ሲወርድ ይበታተን ነበር፣ ፓትሪዮቱም ስብርባሪውን ያሳድድ ነበር።

ኮምፒውተር የምትሠሩ ልጆች ይህቺን ስሙ። የካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ውስጥ ዳህራን ላይ አንድ ስከድ የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ገደለ። ፓትሪዮቱ አልተኮሰም። ኮምፒውተሩ ጊዜን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ አንድ አሥረኛ ደግሞ በዜሮና በአንድ ሲጻፍ አያልቅም፣ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠችው ኢምንት ናት። መሣሪያው ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ስለሠራ ኢምንቷ ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ሆነች። ያን ያህል ጊዜ ውስጥ ስከድ ከ500 ሜትር በላይ ይሄዳል። ራዳሩ የተሳሳተ ቦታ አየ፣ ምንም የለም አለ። ማስተካከያው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው። አጥፍቶ ማብራት ብቻ ያድናቸው ነበር።

ከዚያ በነሐሴ 1998 ሰሜን ኮሪያ በጃፓን አናት ላይ ሮኬት አሳለፈች፣ ዋሽንግተን ተረበሸ። በ1999 ኮንግረስ "ቴክኖሎጂው እንደፈቀደ ወዲያው ይተከል" የሚል ሕግ አወጣ። ክሊንተን በ2000 አልበሰለም ብሎ ለሚቀጥለው ተወው። ትንሹ ቡሽ በታኅሣሥ 2001 ከ1972ቱ ውል እንደሚወጣ አስታወቀ፣ በ2004 ደግሞ አላስካ፣ ፎርት ግሪሊ ላይ አክሻፊ መትከል ጀመረ። ሳይፈተሽ ተተከለ ማለት እንጂ ሌላ ቃል የለኝም፤ እየተተከለ ይፈተሽ ነው የተባለው።

ዛሬ 44 አሉ፤ 40ው አላስካ፣ 4ቱ ካሊፎርኒያ። የኒውክሌር ፈንጂ የላቸውም፣ አረሩን በአካል ሄደው ይጋጩታል። ጥይትን በጥይት መምታት ይሉታል። ቀኑ ታውቆ፣ ተዘጋጅተው በተደረጉት ከ20 የሚበልጡ ሙከራዎች የመቱት ግማሹን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ስለዚህ ለአንድ አረር አራት መተኮስ ይታሰባል። 44ን ለአራት አካፍሉ። አሥራ አንድ። ይሄ ጋሻ የሰሜን ኮሪያን ጥቂት ሚሳኤል ይመክት ይሆናል፤ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር አረር ያላት ሩሲያ ፊት ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት ዓይነት ነው። መንግሥትም ይህን አይክድም፣ ለሩሲያ አይደለም ሲል ኖሯል።

ሩሲያ ግን አላመነችም። በመጋቢት 2018 ፑቲን በትልቅ ስክሪን አዲስ መሣሪያዎቹን አሳየ፤ በደቡብ ዋልታ ዞሮ የሚመጣ፣ በባሕር ሥር የሚሄድ፣ እየተጠማዘዘ የሚበር። ከውሉ ስትወጡ ነግረናችሁ አልሰማችሁንም፣ አሁን ስሙን አለ። ፑቲን ሰበብ አያጣም፣ ያንን እኔም አውቃለሁ። ግን ከ64ቱ የሞስኮ አክሻፊዎች ጊዜ ጋር አስተያዩት፣ ወንበር ተቀያይረው ነው እንጂ ንግግሩ ያው ነው።

እና ጎልደን ዶም። ትራምፕ ጥር 2025 ትእዛዙን ፈረመ፣ በግንቦት 175 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በሦስት ዓመት ያልቃል አለ። አዲሱ ነገር አክሻፊዎችን ሕዋ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሚሳኤሉ ገና ሞተሩ ሲነድ፣ ፊኛውን ሳይለቅ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ሳተላይት አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም፣ ምድርን ይዞራል። አንዱ ፒዮንግያንግ አናት ላይ ሲደርስ ሌሎቹ ውቅያኖስ ላይ፣ ብራዚል ላይ፣ ምናልባትም ጎንደር ላይ ናቸው። ሞተሩ የሚነደው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ከሩቅ አይደርሱም። የፊዚክስ ማኅበሩ እንዳሰላው በአንዴ የሚተኮሱ አሥር ሚሳኤሎችን ለመምታት ብቻ 16 ሺህ ገደማ አክሻፊ ሕዋ ላይ መኖር አለበት። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በግንቦት 2025 የሕዋው ክፍል ብቻ በሃያ ዓመት ከ161 እስከ 542 ቢሊዮን ሊፈጅ ይችላል ብሏል። ታክስ የምንከፍል ሰዎች ነን፣ ቁጥሩን መጠየቅ መብታችን ነው። ሰሜን ኮሪያ አሥሩን ሃያ ብታደርግ ስንት ትጨምራለህ ብሎ መጠየቅም።

እዚህ ላይ ጨርሼ ጥያቄ ስቀበል አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። "ልጄ፣ የአሜሪካውን ተወው። እህቴ ዶሃ ናት፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለእሷ ይሄ ነገር ይጠቅማታል ወይስ አይጠቅምም?"

ይጠቅማል አልኳቸው። ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ይሄ ቀላል ነው። ሰኔ 23 ቀን 2025 ኢራን ኳታር ያለውን የአሜሪካ ጣቢያ ስትመታ፣ አስቀድማም አሳውቃ ነበር፣ አሜሪካ 14 ተተኮሰ አለች፣ ኳታር 19፤ ሁለቱም ያመለጠው አንድ ነው ይላሉ። ያ አንዱ ጣቢያው ውስጥ የመገናኛ መሣሪያ የሚሸፍን ነጭ ጉልላት ነው ያወደመው። ጥቂት ሚሳኤል፣ ትንሽ አገር፣ ተራ ፈንጂ፤ እንዲህ ሲሆን ጋሻው ይሠራል። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው እትዬ፣ አልኳቸው፤ የተመታው ብረት የትም አይጠፋም፣ ይወርዳል። መጋቢት 2018 የመን ውስጥ ያሉት ሁቲዎች ሪያድ ላይ የተኮሱት ሁሉ ከሸፈ በተባለበት ሌሊት ስብርባሪው አንድ ግብፃዊ ሠራተኛ ገድሏል። ስለዚህ ድምፅ ስትሰማ ከጣሪያ በታች ትሁን፣ ከመስኮት ትራቅ፣ ሰገነት ላይ እንዳትወጣ።

እናትየው ስልካቸውን ከቦርሳ አወጡና ወደ እኔ መጡ። ቪዲዮ ነው። የዶሃ ሰማይ፣ ብርቱካናማ ብልጭታ፣ ከታች የሴት ድምፅ "ኧረ እሜቴ! ኧረ ማርያም!" እያለ፣ ካሜራው እየተንቀጠቀጠ።

"ሰገነት ላይ ወጥታ ነው የቀረፀችው" አሉኝ።